ሎጎ ያለው እጅ መንሻ

ጳጉሜን ስትገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓይነት ሳጥን ከቢሮ ወደ ቢሮ መዞር ይጀምራል። ጠንከር ያለ ካርቶን ነው፣ ክዳኑ ላይ የድርጅቱ ሎጎ በወርቅማ ቀለም ታትሟል። ከፈት ሲያደርጉት ቸኮሌቶች በየጉድጓዳቸው ተደርድረዋል፣ መሀል ያለው ላይ ያው ሎጎ በነጭ ተቀርጿል። ከጎኑ «ውድ ደንበኛችን» ብላ የምትጀምር ትንሽ ካርድ አለች። ባንክ ይልከዋል፣ ኢንሹራንስ ይልከዋል፣ አስመጪ ይልከዋል፣ አዲስ ምርት የሚያስተዋውቅ ድርጅትም ለተጋባዦቹ ያድለዋል። ቸኮሌቱ በሁለት ቀን ያልቃል። ሳጥኑ ግን ይከርማል፣ ክሊፕ ይቀመጥበታል፣ መርፌና ክር ይገባበታል።

ስለዚህ ሳጥን ሂስ የጻፈ ሰው አላውቅም። ልብ ወለድ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፣ የዘፈን ክሊፕ ሳይቀር ይተቻል። ሳጥኑ ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ጸሐፊ አለው፣ አንባቢ አለው፣ ሊናገር የፈለገው ነገር አለው፣ ሊደብቅ የፈለገውም አለ። እንግዲህ እንደ ጽሑፍ እናንብበው። ለማንበብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን አንኮበር መውጣት ይኖርብናል፤ እዚህ አገር ውስጥ በኩባንያ ስም የተላከና በደንብ የተጻፈለት አንድ ትልቅ ስጦታ የደረሰው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እንፈትሽ። አማርኛ ለስጦታ አንድ ቃል ብቻ የለውም። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው እጅ መንሻ ይባላል። ከበድ ላለ ሰው በክብር የሚቀርበው ገጸ በረከት ነው። ሰው ለማየት ሲኬድ ባዶ እጅ ላለመግባት የሚያዘው መተያያ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሽልማት ነው። ለእንግዳ በየቀኑ የሚቆረጥለት ድርጎ ነው። ገበያ ላይ ሻጭ ከሰፈረች በኋላ ቆንጥራ የምትጨምረው ምርቃት ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም የሚሰጠው ጉቦ ነው፣ ስሙ እንዲለሰልስ ሲፈለግ ደግሞ «ለሻይ» ይባላል። እያንዳንዱ ቃል ስጦታው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድና ምን እንደሚጠብቅ በግልጽ ይናገራል። በሳጥኑ ካርድ ላይ ግን ከነዚህ አንዱም አይገኝም። «ስጦታ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል፣ አንዳንዴ እሱም ይቀርና «ጊፍት» ይሆናል። ቃሉ የደበዘዘው ግንኙነቱ እንዲደበዝዝ ስለተፈለገ ይመስለኛል። ባንኩ ለትልቅ ተበዳሪው እጅ መንሻ እየሰጠ ነው ወይስ ሽልማት? አስመጪው ለግዥ ኃላፊው የላከው መተያያ ነው ወይስ የሻይ? ሳጥኑ አይናገርም።

አሁን ወደ አንኮበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና ከተማቸው ነበረች። በ1839 የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኤደንን ያዘ። ከባሕሩ ማዶ ያለው አገርም ወዲያው የንግድ ጥያቄ ሆነ። በ1841 የኩባንያው የቦምቤ መንግሥት ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለውን መሐንዲስ መኮንን ወደ ሸዋ ላከው። ልብ በሉ፦ ላኪው ባለአክሲዮኖች ያሉት፣ ትርፍ የሚከፋፈል፣ የራሱ ጦር ያለው የንግድ ድርጅት ነው። በዛሬ ቋንቋ ካየነው ሐሪስ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ የኮርፖሬት ስጦታ ይዞ የተላከ ሰው ነበር።

ስጦታው በግመል ተጭኖ ከታጁራ ተነሣና የአፋርን በረሃ አቋረጠ። መንገድ ላይ ከጓዙ ሦስት ሰዎች በተኙበት ተገደሉ። የቀረው ዳገቱን ወጥቶ በአንኮበር አቅራቢያ በነበረ የንጉሡ ግቢ ለእይታ ተዘረጋ። ሐሪስ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ «የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች» መጽሐፉ ዝርዝሩን ያቀርባል፦ አዳራሹን ያለበሰ የብራሰልስ ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻል፣ የዴሊ ጥልፍ፣ ሙዚቃ የሚጫወት ሰዓት፣ የሚጨፍሩ የቻይና አሻንጉሊቶች፣ በመጨረሻም ሳንጃቸው የተሰካ 300 ጠመንጃዎች። መድፍም ተተኩሶ ታየ። ንጉሡና መኳንንቱ እንደ ሐሪስ አገላለጽ በአድናቆት አፋቸውን ከፈቱ። ኅዳር 16 ቀን 1841 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በንግሥት ቪክቶሪያ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

የሐሪስን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያ ችግር ቅጽሉ ነው። ምንም ነገር ዝም ብሎ አይከሰትም። ፀሐይ ስትወጣ በግርማ ነው፣ ሰው ሲሰበሰብ እንደ ማዕበል ነው፣ ንጉሡ ፈገግ ካለ የመላው አፍሪካ ዕጣ የተለወጠ ይመስላል። በስጦታው ትዕይንት ላይ ይሄ ጌጠኛ ቋንቋ ጫፍ ይደርሳል። ይህ ቋንቋ ሥራ አለው፦ የሚጽፈው ለላኪው ነው። ያ ሁሉ ወጪ ዋጋ እንዳስገኘ ለኩባንያው ማሳየት አለበት። ስለዚህ ተቀባዩ መደነቅ አለበት፤ ካልተደነቀ ሪፖርቱ ይበላሻል። ዛሬም የፕሮሞሽን ሥራ የሠራ ሰው ይሄን ሪፖርት ያውቀዋል፦ ፎቶው ላይ ሳጥኑን የያዘው ደንበኛ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል።

የመጽሐፉ ሁለተኛ ችግር ከመጀመሪያው የበለጠ ነው። ትረካው ንጉሡን እንደ ሕፃን ያሳያል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ማስረጃ ግን ሌላ ሰው ያሳያል። ሣህለ ሥላሴ ከሐሪስ ጉዞ በፊት፣ ከ1839 ጀምሮ አንኮበር በነበረው በጀርመናዊው ሚሲዮናዊ በዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በኩል፣ ጠመንጃና መድፍ እንዲላክላቸው ለኩባንያው ጽፈው ነበር። ማለትም 300ው ጠመንጃ ድንገተኛ ደስታ አልነበረም፤ የታዘዘ ዕቃ ነው። ሰዓቱና አሻንጉሊቱ የኩባንያው ምርጫ ነበሩ፣ ጠመንጃው የንጉሡ። ንጉሡ ኩባንያውን ብቻም አልያዙም። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 ሸዋ ገብቶ ነበር፤ ሲመለስ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊፕ ስጦታ አስይዘው ሰደዱት። ሰውየው በ1842 ስጦታ ይዞ ተመልሶ መጣ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ሌላ ውል ተፈረመ። ሁለት አቅራቢ አወዳድሮ ከሁለቱም መቀበል ዛሬ ጨረታ እንለዋለን።

ታዲያ እንግሊዞቹ ምን አገኙ? ድርጎ አገኙ፦ እንጀራ፣ ማር፣ ጠጅ፣ ሙክት። ወረቀት አገኙ። የጠበቁት ንግድ ግን አልመጣም። ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መግባት አልቻለም። ሐሪስም በ1843 ተመለሰ። ውሉ መዝገብ ቤት ገባ። ጠመንጃው ግን ሸዋ ቀረ። በ1842 ሸዋ የገባው ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከአንኮበር በታች ያለችው የገበያ ከተማ ዓልዩ አምባ ተቀምጦ ይሄን ሁሉ ከጎን ሲያይ ነበር፤ እሱም በ1844 ባወጣው መጽሐፍ የሐሪስን ልዑክ ነቅፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ ከአዳራሹ መሀል፣ ሌላው ከገበያው ዳር እንደጻፈ ያያል። እኔን የገበያው ዳር ይበልጥ ያሳምነኛል።

ይሄን የምለው ንጉሡን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። ጠመንጃው ለማን እንደተዞረ የአካባቢው ሕዝብ ያውቃል፤ የሸዋ መስፋፋት ያለ ደም አልሆነም። በአንኮበር ግርጌ አብዱል ረሱል በተባለ ቦታ የሰው ልጅ ይሸጥ ነበር። የማነሣው ነጥብ ጠበብ ያለ ነው፦ ተቀባይ ሞኝ ነው ብሎ የሚነሣ የስጦታ ጽሑፍ ሁሉ መጥፎ ጽሑፍ ነው። ተቀባይ ያነባል። ሣህለ ሥላሴ የተጻፈላቸውን አንብበዋል፣ ከላኪው በተሻለ።

ቸኮሌቱስ የት ገባ? ያው ንግሥት ቪክቶሪያ ከአንኮበሩ ውል 58 ዓመት በኋላ ሌላ ስጦታ አዘዘች። በ1899 መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር ለሚዋጉ ወታደሮቿ ለአዲስ ዓመት ቸኮሌት እንዲላክ ፈለገች። ትእዛዙ ለካድበሪ ደረሰ፣ ካድበሪ ደግሞ ከተፎካካሪዎቹ ከፍራይና ከራውንትሪ ጋር ተካፈለው። ከ100,000 በላይ የቆርቆሮ ሣጥኖች ተሠሩ። ክዳኑ ላይ የንግሥቲቱ ምስል፣ «ደቡብ አፍሪካ 1900» የሚል ጽሑፍና በራሷ የእጅ ጽሑፍ የተቀረጸ የአዲስ ዓመት ምኞት ነበረበት። ዛሬ «በትእዛዝ የሚሠራ የስጦታ ቸኮሌት» የምንለው ነገር ሙሉ ቅርጹ ይኸው ነው፦ ምስል፣ ስም፣ በዓል፣ ምኞት።

ችግሩ ሦስቱም ድርጅቶች የኩዌከር ቤተሰቦች መሆናቸው ነበር፤ ጦርነት የሚቃወም እምነት ነው። ስማቸው ከጦር ሜዳ ጋር እንዲታይ አልፈለጉም፣ ቆርቆሮውንም ያለ ስም ሠሩት። ንግሥቲቱ ደግሞ ወታደሩ የሚበላው ምርጥ የእንግሊዝ ቸኮሌት መሆኑን እንዲያውቅ ፈለገች። በመጨረሻ ቆርቆሮው ያለ ድርጅት ስም ቀርቶ አንዳንዱ ቸኮሌት ራሱ ላይ ስም ተቀረጸበት። ስም ማተምን እምቢ ያለ ነጋዴ! የዛሬ ገበያተኛ ቢሰማ አያምንም። እኔ ግን ስለ ሎጎ ከተጻፈው ማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ይሄ ክርክር ያስተምረኛል። ስም ማተም ማለት «ይሄ ሥራ የእኔ ነው፣ እጠየቅበታለሁ» ማለት እንደሆነ እነዚያ ሰዎች ገብቷቸው ነበር።

ገብቷቸው ነበር ስል ግን ግማሹን ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1901፣ ካኦ የሚገዙባት የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሳኦ ቶሜ ውስጥ እርሻውን የሚሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች መሆናቸው ለካድበሪ ሰዎች ጆሮ ደረሰ። ግዥውን ያቆሙት በ1909 ነው። አንድ ጋዜጣ ይሄን ቢጽፍባቸው ከሰሱትና ረቱ፤ የተፈረደላቸው ካሣ ግን አንድ ፋርዚንግ ብቻ ነበር፣ የሳንቲም ቁራጭ ማለት ነው። ፍርዱ ራሱ ሂስ ነው። ክዳኑ ላይ ስሙን ላለማተም ሕሊናው የከለከለው ሰው ውስጡ ያለው ፍሬ ከየት እንደመጣ ለማጣራት ስምንት ዓመት ፈጀበት። ከነዚያ ቸኮሌቶች አንዱ ሳይበላ ቀርቶ በ2021 በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ቤት ተገኘ፤ ከነቆርቆሮው። ጣፋጩም እንደ ሳጥኑ ሊከርም ይችላል ማለት ነው።

እኛ አገር ግን ሎጎ ያለው ስጦታ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ቸኮሌት አይደለም። ጆንያ ነው። የሁለት እጆች መጨባበጥ የተሳለበት፣ ከአሜሪካ ሕዝብ የተላከ መሆኑ የተጻፈበት የስንዴ ጆንያና የዘይት ቆርቆሮ። ስንዴው ተበልቶ ያልቃል። ጆንያው መጋረጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ውኃ መቅጃ ይሆናል፣ ተዘርግቶ ጣሪያ ይሆናል። የአንድን የኢትዮጵያ መንደር ያለፈ 40 ዓመት ታሪክ ከጣሪያው ላይ ማንበብ ይቻላል። ደብረ ብርሃንን ብቻ ብናይ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች በመጠለያ ሲኖሩባት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እዚያ ስጦታ ማለት የማታ ራት ጉዳይ ነው። በሰኔ 2023 እህሉ ለሌላ ሰው ይውላል ተብሎ የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ በመላ አገሪቱ ቆመ፣ ዳግም የተጀመረው ከወራት በኋላ ነው። በ2025 ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። የተጨባበጡት እጆች በየጣሪያው ላይ አሁንም አሉ። ስም ያለበት ስጦታ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ነገር ደግሞ ይቋረጣል። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለው ትምህርት በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሰበክ የኖረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ጳጉሜን ሳጥን እንመለስና በሦስት ጥያቄ እናንብበው፦ የማን ስም አለበት? ምን ይጠይቃል? ሲበላ ምን ይቀራል?

ስሙ የሰጪው ነው፣ የተቀባዩ ስም የለም። «ውድ ደንበኛችን» ለሺህ ሰው የሚሆን ስም ነው። ካርዷ ላይ ያለው አማርኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ አማርኛ አይመስልም፤ ከእንግሊዝኛ የወረደ ምስጋና ነው፣ «እንኳን አደረሰዎ» የሚለው እንኳ መጨረሻ ላይ እንደ ምርቃት ይጣላል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ደንበኛውን አስቦ ቢጽፍ እንዲህ አይጽፍም። የሚጠይቀው ነገር ደግሞ አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለግል ደንበኛ ሲሆን ጥያቄው «አትርሳን» ነው፣ ጉዳት የለውም። ፊርማ ለሚይዝ ሰው ሲሆን ግን ጥያቄው ይከብዳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ባለበት አገር፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ባቋቋመ አገር፣ ይሄ ሳጥን ትንሽ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

የሚቀረውስ? እዚህ ላይ የቸኮሌቱ ምርጫ ራሱ ይናገራል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች አንዱ ቸኮሌት ነበር። ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ነው። በመሀሉ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር አለፈ። የዓለምን ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱት አይቮሪ ኮስትና ጋና ናቸው፣ እኛ ያለን ቡና ነው። ስለዚህ ቸኮሌቱ ጣፋጭ ብቻ አይደለም፤ «ዶላር አለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። የሐሪስ የብራሰልስ ምንጣፍም ይሄንኑ ነበር የሚለው።

«እንግዲያው የአገር ውስጥ ይሁን» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ቆሎ በሳጥን፣ ማር በብልቃጥ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፣ እውነት ነው። ግን ይሄም መልስ ሂስ ያስፈልገዋል። ገብሱን በቸኮሌቱ ጉድጓድ ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ክዳኑ ላይ ሞሰብ ብንስልበት፣ ሎጎውን ትልቅ፣ የገበሬውን መንደር ስም ደግሞ ባዶ ብናደርገው የተለወጠው ጣዕሙ ብቻ ነው። አንኮበርም በዚህ መንገድ ብራንድ ልትሆን ትችላለች፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ፣ ስሟም ጥሩ ድምፅ አለው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጦርነት ያለበት ክልል ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ሰዎቿን ረስቶ ስሟን ብቻ ክዳን ላይ ማተም የሐሪስን መጽሐፍ እንደገና ማሳተም ይሆናል፦ ብዙ ቅጽል፣ ጥቂት ሰው።

ጥሩ የድርጅት ስጦታ ምን ይመስላል ከተባልኩ መስፈርቴ አጭር ነው። የተቀባዩ ስም በእጅ ይጻፍበት። ውስጡ ያለውን ያመረተው ሰው መንደር ይጻፍበት። የሰጪው ስም ካርዱ ላይ ይሁን፣ ምግቡ ላይ አይሁን፤ ሰው የሚውጠው ነገር ላይ ስም አይታተምም። ፊርማ ለያዘ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይላክ። ይሄን የሚያሟላ ሳጥን ቸኮሌት ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ቸኮሌት ይጣፍጣል እኮ።

ሐሪስ በጌጠኛ ቋንቋው ሲያደንቀው ከኖረው አዳራሽ ዛሬ የቀረ የለም። ከኮረብታው በታች ያለው የዓልዩ አምባ ገበያ ግን ከነገሥታቱም ከኩባንያውም በላይ ዕድሜ አግኝቷል። እዚያ ሻጭ ሰፍራ ትጨርስና እፍኝ ትመርቃለች። ያቺ እፍኝም ንግድ ናት፤ ገዢው ለሚቀጥለው ገበያ እንዲመለስ ነው። ልዩነቷ ግን አይደበቅም፦ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ የተጨመረው ከተሸጠው ነገር ራሱ ነው፣ ስሙም በአማርኛ ይታወቃል።